ፎርማኑ የአማታቸውን ደጅ ከጎርፍ ስለ መታደጋቸው

በዘመነ ፎርማን፣ የአዲሱ ሕንፃ መሠረት በተቆፈረ በሁለተኛው ዓመት፣ የሲሚንቶ መጋዘኑ ጣሪያ ማፍሰስ በጀመረ በስምንተኛው ወር፣ ሄልሜት የተባለውን ቢጫ የራስ ቁር የደፉት፣ ፉጨታቸው ሦስተኛ ፎቅ የሚሰማው፣ ቱንቢ የማይዋሻቸው ፎርማን የፈጸሙትን ጀብዱ እኔ የመጋዘኑ ዕቃ ጠባቂ በዕቃ ማውጫ ደብተሬ ጀርባ ሳልቀንስ፣ ትንሽ ብቻ ጨምሬ ጻፍኩ።

ያ ዘመን ደግሞ እመቤት አማታቸው ከደጃቸው ካገዷቸው ሰባተኛው ዓመት ነበር። ምክንያቱም ፎርማኑ በሠርጋቸው ማግስት የአማታቸውን የግንብ አጥር በቱንቢ ለክተው ጠማማ መሆኑን በዘመድ ፊት ስላረጋገጡ ነው። ምን አስለካቸው? እሱን እንጃ።

የእመቤት አማታቸው ቤት ከሕንፃው በታች፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ ነበርና፣ መሬቱ ተቆፍሮ ሣሩ ከተነሣ ወዲህ ዝናብ ቢጥል ውሃው ወዴት እንደሚወርድ ሁሉም ያውቅ ነበር። ስለዚህ እሳቸው በአጥራቸው ላይ ብቅ ብለው አወጁ፦ «የሕንፃው ጭቃ ደጄን የነካ ዕለት፣ ያ ሰውዬ አማት አለኝ እንዳይል።»

ፎርማኑ ይህን ሲሰሙ ልባቸው ስንጥቅ አለ። ሚስታቸውን በየእሑዱ እናቷ በር ድረስ ሸኝተው ብቻቸውን መመለስ አንገሽግሿቸው ነበርና። ወእምዝ፣ ከዚያም በኋላ ማለት ነው፣ ሠራዊታቸውን ሰበሰቡ፤ ግንበኛው መጣ፣ ብረት ቆልማሚው መጣ፣ ተኮራርፈው በዘበኛው በኩል የሚነጋገሩት ሁለቱ አናጢ ወንድማማቾች መጡ፣ ስለዚህ ዘበኛውም መጣ። በአራት ቀንም በቁልቁለቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቦይ ቆፈሩ፣ ጭቃው የሚዘቅጥበትን ጉድጓድ በቦዩ ጫፍ አበጁ። ፎርማኑም አወጁ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ሜዳ የሚወርድ ውሃ ሁሉ በእኔ ቦይ ይሄዳል።»

አይ የአክብሮት ጣጣ! እመቤት አማታቸው ቦዩን በዓይናቸው ሊያዩ ነጭ ጫማ አድርገው በመጡ ጊዜ፣ ፎርማኑ ጫማው እንዳይቆሽሽ ብለው ቦዩን አንድ ቦታ ላይ በአፈር አስደልድለው አሻገሯቸው። እመቤቲቱም ቦዩን ከዳር እስከ ዳር አይተው ሄዱ። አፈሩን መልሶ ያነሣ ግን አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ ዝናቡ ወረደ። ውሃው በቦዩ እየጋለበ መጥቶ አፈሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ አበጠ፣ ሞልቶም ፊቱን ወደ እመቤቲቱ ደጅ አዞረ። ሠራዊቱ እግሬ አውጪኝ ብሎ ጣሪያ ሥር ገብቷል፣ አካፋዎቹም መጋዘን ተቆልፎባቸዋል። ቁልፉ በማን ኪስ እንደነበረ ይህ ዜና መዋዕል አይመረምርም። ፎርማኑ ግን ቢጫውን የራስ ቁር አወለቁ፣ ጭቃው ውስጥ ተንበረከኩ፣ በራስ ቁሩም አፈሩን ይዝቁ ጀመር። አንድ ጫማቸውን ጎርፍ ወሰደው፣ ሁለተኛውም ተከተለ፣ እሳቸው ግን አላቋረጡም። ውሃው ከእመቤቲቱ ደፍ ለመድረስ አንድ ስንዝር ሲቀረው አፈሩ ተናደ፣ ጎርፉም ወደ ቦዩ ተመልሶ በጉድጓዱ ተከማቸ። ይህን ሁሉ ከሕንፃው ማዶ ካለው ሻይ ቤት መስኮት በዓይኔ አየሁ።

ያን ጊዜ በሩ ተከፈተና እመቤት አማታቸው አወጁ፦ «ጭቃው ደጄን አልነካም። ያ አፈር ለእኔ ጫማ ሲባል መደልደሉንም አውቃለሁ። ልጄ እግሩን ታጥቦ ይግባ።»

በሰባት ዓመት ውስጥ «ልጄ» ሲሏቸው ይህ የመጀመሪያው ነበር። እነሆ ጎርፍን በራስ ቁር የመለሱት፣ በባዶ እግራቸው ድል ያደረጉት ታላቁ ፎርማን፣ እመቤቲቱ ያዋሷቸውን ሐምራዊ ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ተረከዛቸው ግማሹ ውጭ ቀርቶ፣ ቱንቢያቸው በኪሳቸው ሳለ፣ በዚያ በጠማማው ግንብ አጠገብ አንዲት ቃል ሳይናገሩ አልፈው ገቡ። ከጀብዱዎቻቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነውና፣ ክብር ይገባቸዋል።