ክንፈሚካኤል አልጋቸውን ከጽሕፈት ቤት በረንዳ እንደ ዘረጉ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ኢሕአዴግ በነገሠ በዐሥራ አምስተኛው፣ አቶ ክንፈሚካኤልም ከፖስታ ቤት መስኮት ተነሥተው በጡረታ መንበር በተቀመጡ በአራተኛው ዓመት፣ በወርኃ ሰኔ የሆነው ይህ ነው። እኒህ ክንፈሚካኤል ሠላሳ አራት ዓመት በሰው ደብዳቤ ላይ ማኅተም ሲያሳርፉ የኖሩ፣ ክንደ ብርቱ፣ ጉልበተ ደካማ ሰው ነበሩ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ንግሥቴም አፈ ማር፣ ሲቆጡ ግን አፈ በርበሬ።

ወእምዝ የፍኖተ ሰላሙ አከራያቸው ኪራይ ጨመረ፣ ጡረታቸው ግን አልጨመረም፤ ቡሬ ያለችው የወይዘሮ ንግሥቴ እኅትም አንዲት ክፍል አለችኝ፣ ኑ ብላ ላከች፤ ዕቃ የሚጭን መኪና ግን በምርቃት አይነሣምና፣ ለድኻ ጡረተኛ የቤት መቀየሪያ ድጎማ ይሰጣል ወደ ተባለው ጽሕፈት ቤት ዘመቱ። እጅጉ የተባለው ኃላፊም ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ እንዲህ ሲል ዐወጀ፦

«ድጎማው የሚሰጠው ቤት ለቆ ለወጣ ጡረተኛ ነው። እርስዎ ገና አልወጡም። መውጣትዎን በዐይናችን ካላየን ማኅተም አንመታም።»

ክንፈሚካኤልም ይህን ሰምተው፣ ማኅተም በሌላ ሰው እጅ ሲሆን እንዲህ መክበዱን እስከዚያ ቀን ባለማወቃቸው እያዘኑ ወደ ቤት ገቡ፤ ሦስት ቀንም ዕቃቸውን ሲያስሩ ሰነበቱ።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ሠራዊቱ ተንቀሳቀሰ። ከፊት ባለጋሪው ባዬ የብረት አልጋውንና ፍራሹን ጭኖ፤ ከኋላ ባለጋሪው ሠርክአዲስ በርሜሉን፣ ሣጥኑንና እግሯ የታሰረች ዶሮ ይዞ፤ በመካከል ወይዘሮ ንግሥቴ ድስታቸውን ታቅፈው፤ በግራ በቀኝ ጎረቤቱ፣ ግማሹ ሊያግዝ፣ ግማሹ ሊያይ፤ ዝናቡም ሁሉን አጅቦ። ከጽሕፈት ቤቱ ግቢ ደርሰውም አልጋውን ከበረንዳው ዘረጉ፤ ክንፈሚካኤልም ጫማቸውን አውልቀው፣ አልጋው ላይ ተቀምጠው ዐወጁ፦

«ልጆቼ፣ ባላችሁት መሠረት ወጥተናል። እንግዲህ በዐይናችሁ እዩን። እኛ አንረብሻችሁም፣ ሥራችሁን ሥሩ። መንግሥት ቤት ስውል ኖሬያለሁ፤ ማደሩም አይከፋኝም።»

ወይዘሮ ንግሥቴም ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩ፤ ሽታው መዝገብ ቤት ዘልቆ ጸሐፊዋን አስለቀሰ። ክንፈሚካኤል ግን ዐይናቸውን ከእጅጉ በር አልነቀሉም፤ የቤቱን ቁልፍ አስረክበው ወጥተዋልና፣ ይህ ባይሳካ የሚመለሱበት ጣሪያ አልነበራቸውም።

በስድስት ሰዓት ከዞን እንግዶች መንገድ ላይ ናቸው የሚል ወሬ ደረሰ። እጅጉንም ላብ አጠመቀው፤ ወደ በረንዳው ወጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ዐዋጅ ዐወጀ፦

«አባቴ፣ የቢሮው መኪና ያድርሳችሁ። አሁኑኑ።»

ዶሮዋንም በገዛ እጁ ጫናት። ሠራዊቱም በመንግሥት ፒክአፕ ማንኩሳን አልፎ፣ ቡሬ ገብቶ፣ ከእኅት ደጅ ሰፈረ፤ ክንፈሚካኤልም ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ተኙ።

ከወር በኋላ ደብዳቤ መጣላቸው፤ ቃሉም «በመንግሥት መኪና ስለተጓጓዙ ወጪ አላወጡም፤ ስለዚህ ድጎማው አይመለከትዎትም» የሚል ነበር። ወይዘሮ ንግሥቴ ሊቆጡ ተነሡ፤ ባላቸው ሲስቁ ቢያዩ ተቀመጡ።

ክብር ለክንፈሚካኤል ይሁን፣ ጦር ሳይሰብቅ በአልጋ ለተዋጋ፣ በረንዳን ለማረከ፣ አንዲት ሳንቲም ሳይቀበል መንግሥትን ዕቃ ጫኝ ላደረገ፤ ዝናውም እስከ ጅጋ ተሰምቶ፣ ቤት የሚቀይር ጡረተኛ ሁሉ ከማመልከቻው በፊት አልጋውን ይፈታ ጀመር።