የአቶ ኃይለመለኮት ቀኝ እጅ

ሕዝብን ያገለገለ የአካል ክፍል ተመርጦ ይሸለም ቢባል፣ ከመርካቶ አንደኛ የሚወጣው የአቶ ኃይለመለኮት ቀኝ እጅ ነበር። ይህ እጅ ጭድ ተራ አካባቢ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ቦርድ ውስጥ ለአሥራ አንድ ዓመታት ያለ ዕረፍት፣ ያለ ቅሬታና ያለ ጥያቄ ወደ ላይ ሲወጣ ኖሯል። የእጁ ባለቤት የስፖንጅ ፍራሽ ነጋዴ ናቸው። ሙያቸው ሰው ተመችቶት እንዲተኛ ማድረግ ሲሆን፣ በስብሰባም ላይ ከሙያቸው ርቀው አያውቁም።

ቦርዱ ሰባት አባላት አሉት። በነዚያ ዓመታት ያሳለፈው ውሳኔ ሁሉ ሰባት ለዜሮ ነው። አጥሩ አረንጓዴ ይቀባ ሲባል ሰባት ለዜሮ። በወሩ አረንጓዴው ለዓይን ይከብዳልና ቢጫ ይሁን ሲባል ሰባት ለዜሮ። ቢጫውን ማን አስቀባው፣ ተጠያቂው ይታወቅ ሲባልም ያው ሰባት ለዜሮ። ከሌላ ትምህርት ቤት ልምድ ሊቀስሙ የመጡ እንግዶች በዚህ አንድነት ተደንቀው ምስጢሩን ቢጠይቁ፣ ሊቀመንበሩ አቶ ሃብታሙ ክራቫታቸውን አስተካክለው፣ «እኛ ጋ መጀመሪያ ይወሰናል፤ ውይይቱ ከዚያ በኋላ በሰፊው ይቀጥላል» ሲሉ አስረድተዋቸዋል።

የአቶ ኃይለመለኮት አሠራር ግን ከሁሉም የጠራ ነበር። አጀንዳ አይሰሙም። አጀንዳ የሰማ ሰው ማሰብ ይጀምራል፣ ያሰበ ሰው ደግሞ ከወዳጁ ይጣላል ባይ ናቸው። እሳቸው የሚያዩት የሊቀመንበሩን ክንድ ብቻ ነው። ክንዱ ከጠረጴዛው ሲነሳ የሳቸውም ይነሳል። አንድ ጊዜ አቶ ሃብታሙ ማጅራታቸውን ሊያኩ እጃቸውን ቢያነሱ፣ ማንም ያላቀረበው ነገር ጸድቆ ሁለት ሳምንት ያህል በሥራ ላይ ውሏል ይባላል።

የቦርዱ ጸሐፊ መምህር ሐምዱ የሚባል ጥንቁቅ ወጣት ነው። ይህን ሁሉ መተማመን አይቶ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ሲል አንድ ሺህ የቃለ ጉባኤ ቅጽ አሳትሟል። በየቅጹ ግርጌ «ከሰፊና ጥልቅ ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» የሚለው አብሮ ታትሟል። የሚሞላው ቀኑ ብቻ ነው።

ታዲያ ይህን ሰላም ያናጋው የትምህርት ቤቱ የኋላ በር ነው።

ትምህርት ቤቱ ሁለት በሮች አሉት። የፊተኛው አይሱዙና ጋሪ፣ ተሸካሚና ደላላ የሚተራመስበት ዋና መንገድ ላይ ነው። የኋለኛው ጸጥ ወዳለች ቅያስ ስለሚያወጣ ትንንሾቹ ልጆች በሙሉ የሚወጡት በሱ ነው። አምና የኋላው በር ለጥገና ሦስት ቀን ቢዘጋ፣ አፍራ የምትባል የአንደኛ ክፍል ልጅ በፊት በር ስትወጣ ጣቃ የጫነ ጋሪ እግሯ ላይ ወጥቶባት ሁለት ወር በጀሶ ከርማለች። እናቷ ጠሂራ አንዋር መስጊድ አካባቢ ቅመም ነጋዴ ናት። ልጇን በጀርባዋ አዝላ ክፍል ድረስ ስታመላልስ ሰፈሩ ሁሉ አይቷታል።

የኋላው በር ግን አንድ ከባድ ጥፋት ነበረበት፤ የአቶ ሃብታሙ የሸራ መጋዘን ከጎኑ ነው። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ሕፃናቱ ሲግተለተሉ መኪናቸው ማራገፍ አይችልም። በዚህ የተነሳ ሊቀመንበሩ ስለ ልጆቹ ሥነ ምግባር አጥብቀው ማሰብ ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ «ወጥ የሆነ የመግቢያና የመውጫ ባህልን ለማጎልበት የኋላው በር በብሎኬት እንዲዘጋ» የሚል አጀንዳ ተቀረጸ።

ስብሰባው ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው አቶ ኃይለመለኮት ሱቃቸው ውስጥ መሰላል ላይ ወጥተው ከላይኛው መደርደሪያ ፍራሽ ሲስቡ፣ ፍራሹም መሰላሉም እሳቸውም አብረው ወረዱ። ስፖንጁ ምንም አልሆነም። የቀኝ ትከሻቸው ግን ውልቅ አለ። ወጌሻው አሽቶ፣ መልሶ፣ ክንዳቸውን ከደረታቸው ጋር ጥፍር አድርጎ ካሰረ በኋላ፣ «ሦስት ሳምንት ይቺን እጅ ወደ ላይ ካነሷት፣ ሁለተኛ እኔ ጋ እንዳይመጡ» ብሎ አሰናበታቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይቀር ነበር። እሳቸው ግን ታስረው ሄዱ።

አቶ ሃብታሙ አጀንዳውን አንብበው ሲጨርሱ፣ «የምትደግፉ!» አሉ። ስድስት እጅ ወጣ። ሐምዱ ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ።

«ኃይሌ፣ እጅህስ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«አለ፣ ክቡር ሊቀመንበር። ታስሮ ነው እንጂ አለ።»

«በግራህ አውጣዋ!»

ሐምዱ የመተዳደሪያ ደንቡን ገለጠ። «አንቀጽ ዘጠኝ ‹ቀኝ እጅን በማውጣት› ነው የሚለው። ግራ እጅ ሐሳብ ለመስጠት መጠየቂያ ነው። እስካሁን የተጠቀመበት ባይኖርም።»

«እሺ፣ ድምፀ ተአቅቦ በለው።»

«ደንቡ ላይ የለም። ያለው ድጋፍና ተቃውሞ ነው፤ ካልደገፉ ተቃውመዋል።»

«ተቃውሞ?» አሉ አቶ ኃይለመለኮት ደንግጠው። «እኔ? እኔ ማንን ተቃውሜ አውቃለሁ?»

«በስድስት ለአንድ አልፏል ብለህ ጻፍና እንሂድ!» አሉ አቶ ሃብታሙ ሰዓታቸውን እያዩ።

«ቅጹ በሙሉ ድምፅ ነው የሚለው።»

«ሰርዘው!»

«ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት እንደሌለው የሚገልጸው መመሪያ ላይ እርስዎ ራስዎ ነዎት የፈረሙት።»

የሕግ የበላይነት በዚህ ደረጃ ተከብሮ አያውቅም። አጀንዳው የአባሉ ትከሻ እስኪድን ለሦስት ሳምንት ተላለፈ፤ ብሎኬቱም በር ላይ ተከምሮ ቀረ።

የመርካቶ ወሬ ጋሪ አያስፈልገውም። ከትምህርት ቤቱ ግቢ «አንድ ሰው ተቃወመ» ተብሎ የወጣው ወሬ አንዋር መስጊድ ሲደርስ «‹እጄን ቁረጡት እንጂ አላወጣም› አለ» ሆኗል። አብነት ሰፈር ሲደርስ ደግሞ ትከሻቸው የወለቀው ሊቀመንበሩ በግድ እጃቸውን ሊያስወጧቸው ሲታገሉ ነው ተባለ። በማግስቱ ጠዋት ጠሂራ አንድ ፌስታል ሙሉ መከለሻ ይዛ ሱቃቸው ድረስ መጣች።

«ጋሼ ኃይሌ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው። ለልጆቻችን የደረሰልን እርስዎ ብቻ ነዎት።»

አቶ ኃይለመለኮት እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ጠሂራ ግን ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ፊት «የለም፣ ከመሰላል ወድቄ ነው» ማለት ጭካኔ መስሎ ታያቸውና አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ከዚያ ሌሎች እናቶች መጡ። ከዚያ ጎረቤት ነጋዴዎች መጥተው ግራ እጃቸውን ጨበጧቸው። በሦስተኛው ቀን «ሰው በህሊናው ነው የሚኖረው» ማለት ጀመሩ። በአምስተኛው ቀን ደግሞ መሰላሉን ጨርሰው ረሱት።

ያልረሱት ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ማርያም ነበሩ።

«ህሊናዬ አልፈቀደልኝም አልክ አሉ?» አሉ ማታ ራት እያቀረቡ።

«ብል ምን አለበት? አልፈቀደልኝማ።»

«እንግዲያው ወጌሻው የመለሰው ህሊናህን ነው በለኛ! ለመሆኑ የዚያን ቀን ምን እንደተጠየቃችሁ ታውቃለህ?»

አቶ ኃይለመለኮት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስለ… ስለ በር ነው።»

«የቱ በር?»

እንጀራው ላይ አቀረቀሩ። የቱ በር እንደሆነ የሰሙት ከጠሂራ ነበር፤ ያንንም በደንብ አልያዙትም። ያቺን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ የስፖንጅ ነጋዴ እንቅልፍ ሲያጣ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሱቃቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው ወደ ትምህርት ቤቱ ጓሮ ሄዱ።

በሩ ተከፈተ። ልጆቹ በተከመረው ብሎኬት መካከል እየተጋፉ፣ ቦርሳቸው ከራሳቸው በልጦ እየተንገዳገደ ወጡ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ አንድ እግሯን ረገጥ፣ ሌላውን ሳብ እያደረገች መጣች። አቶ ኃይለመለኮትን ስታይ ቆመች።

«እጅዎን ጋሪ ነው?» አለቻቸው።

«አይደለም፣ የኔ ልጅ።»

«ጀሶ አላደረጉልዎትም? እኔን አድርገውልኝ ነበር።» ብላ ካልሲዋን ዝቅ አድርጋ አሳየቻቸው።

አቶ ኃይለመለኮት የታሰረ ትከሻቸው ሳይሆን ሌላ ነገር ውስጣቸው ወለቅ ሲል ተሰማቸው። በአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎታቸው የሚወስኑለትን ልጅ ፊት ለፊት ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። እዚያው ቅያሷ ላይ ቆመው ማሉ፤ ትከሻቸው ቢድንም ያቺን እጅ አያወጧትም።

በስብሰባው ዋዜማ አቶ ሃብታሙ ሱቃቸው ሲመጡም አልተበገሩም።

«ወጌሻው ዛሬ ይፈታዋል አሉ» አሉ ሊቀመንበሩ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው፣ የአቶ ኃይለመለኮትን ትከሻ በዓይናቸው እየለኩ።

«ይፈታዋል።»

«እንግዲህ ነገ ወደ ድሮው አንድነታችን እንመለሳለን?»

«ነገን ነገ ያውቃል» አሉ አቶ ኃይለመለኮት። ለሳቸው ይህ የአመፅ አዋጅ ነው።

አቶ ሃብታሙ ተነሥተው ሄዱ። እሳቸው የሸራ ነጋዴ ናቸውና ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ሥራቸው ነው። የቦርዱ ምርጫ አንድ ወር ቀርቶታል፤ እናቶቹ ፊርማ ማሰባሰብ ጀምረዋል፤ ከላይም አንድ ሰው ደውሎ «ያ የበር ነገር ምንድን ነው?» ብሏቸዋል። ስለዚህ ማታውኑ የመኪናቸውን የማራገፊያ ሰዓት ወደ ማለዳ አዛወሩ፤ በሌሊትም ብሎኬቱን አስነሱ።

የስብሰባው ቀን እናቶች መስኮቱን ሞልተው ቆሙ። ከፊት ጠሂራ ናት። አቶ ኃይለመለኮት ማሰሪያው ተፈቶላቸው፣ ሱፍ ለብሰው ገቡ። ቀኝ እጃቸው ከልማድ ብዛት አምልጣ እንዳትወጣ ከወንበሩ ጠርዝ ጋር አጥብቀው ያዟት። ሊቀመንበሩ መናገር ጀመሩ። አቶ ኃይለመለኮት ግን ሌሊቱን በቃላቸው ያጠኗትን ንግግር በልባቸው እየደገሙ ስለነበር አልሰሙም። ደግሞስ በአሥራ አንድ ዓመት ያልሰሙትን ሰው ዛሬ ምን ብለው ይሰሙታል?

«… ክፍት ሆኖ እንዲቀጥል የምትደግፉ!» አሉ አቶ ሃብታሙ።

ስድስት እጅ ወጣ። አቶ ኃይለመለኮት ወንበሩን ጨምድደው ያዙ። ላብ በግንባራቸው ወረደ። ክንዳቸው ሊያመልጣቸው ታገለ፤ አልወጣም። አሸነፉ!

«አንድ ተቃውሞ» አለ ሐምዱ ዓይኑን ማመን አቅቶት። «ምክንያትዎ ይመዝገብ፣ ጋሼ?»

አቶ ኃይለመለኮት ተነሡ። ድምፃቸው መስኮቱን አልፎ ተሰማ። «ይመዝገብ! እናንተ ስድስት ብትሆኑ፣ እኔ ከህሊናዬ ጋር ሁለት ነኝ! የእነዚህ ሕፃናት አምላክ ይፋረደኝ፣ ይህ ውሳኔ እኔ እያለሁ አያልፍም!»

ጭብጨባ ጠበቁ። መስኮቱ ጋ ያሉት እናቶች ግን እርስ በርስ ተያዩ።

«ጋሼ ኃይሌ» አለች ጠሂራ በቀጭን ድምፅ፣ «በሩ እንዲዘጋብን ይፈልጋሉ እንዴ?»

አቶ ኃይለመለኮት ወደ ሐምዱ ጎንበስ አሉ። «ምንድን ነው የተባለው?»

«ክፍት ይሁን ነው የተባለው፣ ጋሼ።»

«ክፍት?»

«ክፍት።»

ወንበራቸው ላይ ዘጭ አሉ። ጆሯቸው ጭው አለ። ጠሂራ ፊቷን አዙራ ነጠላዋን በአፏ ላይ ስትይዝ አዩ፤ ከኋላዋም ቁጣው ተነሣ። «ለካ እንዲህ ናቸው!» «መከለሻዋን ይመልሱ!» «በልጆች ይጫወታሉ!» የሚለው ጩኸት እርስ በርሱ ተደበላለቀ። አቶ ሃብታሙ እጃቸውን ዘርግተው ሕዝቡን አረጋጉ፤ ድምፃቸው እንባ የተናነቀው ይመስል ነበር።

«ወላጆች! እኛ ለልጆቻችሁ ስንል ስንታገል የኖርነው ከማን ጋር እንደሆነ ዛሬ በዓይናችሁ አያችሁ። ስም አልጠራም። ሆኖም እንዲህ ያለው አባል ከዛሬ ጀምሮ ከቦርዱ እንዲሰናበት ሐሳብ አቀርባለሁ። የምትደግፉ!»

አቶ ኃይለመለኮት ይህንንም አልሰሙም። በጆሯቸው ውስጥ የሚያስተጋባው የጠሂራ ድምፅ ብቻ ነበር። ቀና ሲሉ ያዩት የሊቀመንበሩን ክንድ ነው፤ ወጥቷል። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወጡ። ዳግመኛ ያቺን ሴት አላስከፋም ብለው በወጌሻው የዳነች ቀኝ እጃቸውን ከሁሉም በላይ፣ ብብታቸው እስኪታይ ድረስ ሰቀሏት።

መስኮቱ ጋ እልልታው ቀለጠ። ሐምዱ ቆጠረ። ስድስት ላይ ቆመ፣ ደነገጠ፣ ሰባት አለ። ብዕሩን ይዞ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ።

«ኧረ ጋሼ፣ የተባለው እኮ…»

«ጻፍ፣ ልጄ!» አሉት እጃቸውን እንደሰቀሉ። «ከእንግዲህስ ከሰው አልለይም።»