የጎሚስታ ትንፋሽ

ትንፋሻችሁን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? አትዋሹ፣ አታውቁም። ሰው ጫማው ሲጠበው ስለ ጫማው ያስባል፤ ጥርሱ ሲያመው ስለ ጥርሱ ያስባል። ስለ ትንፋሹ የሚያስበው ግን ሲያጥረው ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለማሰብ ፋታ የለውም።

እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ። ትንፋሽ ግን ቆጥሬያለሁ። በጉልበቴ ዘመን ሥራዬ የውሃ ጉድጓድ መቆፈር ነበር፤ ከአቃቂ በሰቃ እስከ ሳሪስ አቦ ያልወረድኩበት ጓሮ ጥቂት ነው። ጉድጓድ ቆፋሪ ከመውረዱ በፊት የበራ ኩራዝ በገመድ ያወርዳል። ኩራዙ ታች ደርሶ ከጠፋ አየሩ ክፉ ነውና አይወርድም። ከወረደ ደግሞ አያወራም፤ እታች የሚወራ ወሬ ሁሉ ከትንፋሽ ላይ የሚቀነስ ነው። ሠላሳ ዓመት እንደዚያ የኖረ ሰው፣ ወደ ላይ ሲወጣም ወሬ አይቀናውም። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ሰው ያገባሁ መስሎኝ ግድግዳ አገባሁ» ትለኝ ነበር። ልክ ነበረች። ዛሬ ለእናንተ ይህን ያህል የምለፈልፈው ለዓመታት ሳይወራ የተጠራቀመ ስላለብኝ ነው፤ ታገሡኝ።

ከተማችን ነገር ሁሉ እያሸገ መሸጥ ሲጀምር እኔ አርጅቼ ነበር። መጀመሪያ ውሃ ታሸገ፤ ሳቅን፣ ከዚያ ገዝተን ጠጣን። ያኔ አንድ ሰው ተነስቶ «ቀጥሎ ደግሞ አየር ይታሸጋል» ቢለን ጠበል ይወሰድ እንል ነበር። ይኸው ታሸገ። ያውም እኛ ሰፈር ድረስ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ትርንጎ ከአራት ጓደኞቿ ጋር ተደራጅታ ቃሊቲ ላይ ላቫጆ ከፍታለች። ዘመኑ «ተደራጁ» የሚባልበት ነበር፤ ብቻውን የቆመ ሰው የጠፋ ዕቃ መስሎ የሚታይበት። ለዚህች መኪና ማጠቢያ ቦታ ትርንጎ ሦስት ዓመት በየቢሮው ደጅ ጠንታለች። ቦታው ከአንድ አሮጌ የድንጋይ ካባ ጋር ይዋሰናል። ድንጋዩ ተፈልጦ ካለቀ በኋላ ካባውን የክረምት ውሃ ሞልቶት ሐይቅ መስሏል። ልጆቹ ዳሩ ላይ የቤንዚን ሞተር ተክለው፣ ውሃውን ወደ ሮቶ እየሳቡ መኪና ያጥባሉ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ታዲያ፣ ዝናቡ ሲሸረሽረው ያደረው ዳር ተደረመሰና ሞተሩን ከነብረት አልጋው ይዞት ገባ። ጉልቅ። አለቀ።

አላለቀም እንጂ። ሰኞ ከወረዳ ገምጋሚ ይመጣል። ሥራ ያቆመ ማኅበር ካገኘ ቦታው ይነጠቅና ተራ ለሚጠብቅ ለሌላ ይሰጣል። ትርንጎ ይህን ስታወራኝ አላለቀሰችም፤ ባዶውን የውሃ ጎማ እየጠቀለለች፣ እየፈታች፣ መልሳ እየጠቀለለች ነበር። ይሄ ከለቅሶ ይብሳል።

ዓርብ ዕለት ባለ አራት ጥርስ ሜንጦ በገመድ አስረው ሲጎትቱ ዋሉ። ካባው ያላወጣው ነገር የለም። ጀሪካን ወጣ፣ የአልጋ ሽቦ ወጣ፣ የግራ እግር ቦቲ ወጣ። ሞተሩ ግን ድንጋይ መሀል የተወሸቀ ይመስል እንቢ አለ። ጠልቆ የሚያወጣ እንዳይፈለግ፣ ያ ውሃ ሰው ይወስዳል የሚባል ነው፤ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ዳር ቆሞ ምክር ይሰጣል እንጂ ቁርጭምጭሚቱን አያርስም።

ቅዳሜ በድሉ መጣ። በድሉ የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሹፌር ነው። ትርንጎን መውደዱን እሱ ብቻ ምስጢር ይመስለዋል። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚታጠብ ተሳቢ የት አይታችኋል? የሆነውን ሲሰማ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ አንዲት ካርቶን ይዞ ወረደ። ከካርቶኗ ውስጥ ቢጫ ሲሊንደር አወጣ፤ የክንዴን ያህል ብትሆን ነው። አናቷ ላይ በጥርስ የሚነከስ ጎማ አላት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ትርንጎ።

«አየር ነው። ትነክሺያታለሽ፣ ውሃ ውስጥ ትገቢያለሽ፣ እንደ ቤትሽ ትተነፍሻለሽ። ጅቡቲ ባሕር ውስጥ ሁለቴ ሞክሬያታለሁ።»

እኔ ሲሊንደሯን ተቀብዬ አገላበጥኳት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እያንዳንዷን ትንፋሽ እየቆጠብኩ ጉድጓድ ለጉድጓድ ስንከራተት፣ ለካ ሰው ትንፋሹን እንደ አገልግል ቋጥሮ መሄድ ይችላል! ስንት ትንፋሽ ይይዛል? ጣዕሙስ ምንድን ነው? እንደ ሰማዩ አየር ነው ወይስ ታሽጎ ሲከርም ይሻግታል? ጥያቄው ተደረደረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን «ሙሉ ናት?» የሚል ብቻ ነው።

ባዶ ነበረች።

«መሙያዋ ለብቻዋ ናት አለኝ ሻጩ» አለ በድሉ። «የእጅ ፓምፕ ነገር። የቃሊቲ ልጅን ነው የአየር መሙያ ግዛ የምትለው? ሰፈሬ ጎሚስታ በጎሚስታ ነው አልኩት!»

ካርቶኗ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ነበር። ማንበብ የሚችሉት ሁሉ ሳያዩት አለፉ፤ የማልችለው እኔ ግን ዘረጋሁት። ሥዕል ለሁሉም እኩል ነው። በአንደኛው ሥዕል የመኪና ጎማ የሚነፋበት ማሽን ተስሎ በሁለት ቀይ መስመር ተሰርዟል። በሌላኛው አንድ ሰው ከውሃ ወደ ላይ ሲወጣ በአፉ አረፋ እየለቀቀ ነው። የመጀመሪያውን ለበድሉ አሳየሁት።

«ፋዘር፣ እሱ የካምፓኒው ነጋዴነት ነው» አለኝ። «የነሱን ፓምፕ እንድንገዛ ነው። አየር አየር ነው።»

ሄድን። ጎሚስታው ከድር ይባላል፤ የስልጤ ሰው ነው፤ ሥራውን የሚያከብር፣ ቀልዱንም የማይተው። ሲሊንደሯን ገልብጦ አያትና «የፊት ጎማ ነው የኋላ?» አለ።

«የሳንባ ነው» አለው በድሉ።

«እኔ እስከ ዛሬ የነፋሁት ሁሉ መንገድ ላይ ነው የሚሄደው፣ ወንድሜ። ውሃ ውስጥ ለሚገባ ኃላፊነት አልወስድም።»

መግጠሚያው አልገጥም አለው። ከአሮጌ ጎማ ውስጥ የወጣ የካላማዳሪያ ቁራጭ ጠቅልሎ አስገጠመው። መጭመቂያው እየተንገጫገጨ፣ ጥቁር ዘይት እያንጠባጠበ ነፋ ነፋና ቆመ። ሲሊንደሯ ላይ ያለችው ትንሽ የአየር መለኪያ ሰዓት ግን ከተኛችበት ፈቀቅ አላለችም።

«ሰዓቷ ተበላሽታለች» አለ በድሉ።

ሰዓቷ አልተበላሸችም። የተሳቢ ጎማ የሚያስነሳ ጉልበት፣ አየሩን በኃይል ጠቅጥቃ ለምትይዝ ለዚያች ትንሽ ዕቃ እፍ እንደማለት ነበር፤ ይህን የተረዳነው ግን በኋላ ነው።

ካባው ዳር ስንደርስ ሰፈሩ ተሰብስቧል። በድሉ በቁምጣ ሆኖ ትርንጎን በጎን እያየ ደረቱን ነፋ። አንድ ነገር ብቻ አልፈቀድኩለትም፤ ያለ ገመድ አይገባም። ወገቡን አሰርኩትና «አንዴ ከሳብክ ልቀቁልኝ ነው፤ ሁለቴ ከሳብክ አውጡኝ ነው» አልኩት። የጉድጓድ ሕግ ነው።

«ፋዘር፣ አሥር ደቂቃ ታች ነኝ። ሰው ይረጋጋ።»

ገባ። አረፋ ቡልቅ አለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ቀረ። ገመዱ ሁለቴ አልተሳበም፤ ሃያ ጊዜ ነው የተሳበው። አራት ሆነን ጎተትነው። ሲወጣ ዓይኑ ፈጦ፣ ሲሊንደሯን እንደ ጡጦ ነክሶ፣ ማውራት አቅቶት ነበር። በድሉ ማውራት ሲያቅተው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

«አለቀች!» አለ ትንፋሹ ሲመለስለት። «ደግሞ… ናፍጣ የተቀቀለበት ሻይ የጠጣሁ ነው የመሰለኝ።»

«አሥር ደቂቃ አላልክም?» አለች ትርንጎ። ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ተሰበረና ፊቷን አዞረች። ቅዳሜ እየመሸ ነበር።

«እውነቱን ልንገርሽ» አለ በድሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጅቡቲ ላይ ውሃው ወገቤ ድረስ ነበር። አጎንብሼ ነው የሞከርኳት።» ውሃው ውስጥ ከመግባቱ ይልቅ ይህን መናገሩ ድፍረት ነበር። እኔ በዚያ ወደድኩት።

ቤቴ ገብቼ ተኛሁ፤ አሳቤ ግን ካባው ዳር ቀረ። እሑድ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ሄድኩ። ነፋስ የለም፤ ውሃው ረግቷል። ከአንድ ቦታ ላይ እየተቆራረጠ ቀስተ ደመና የመሰለ የቤንዚን ጠብታ ወደ ላይ ይመጣል። ሞተሩ ያለበትን እየነገረኝ ነው። ለካ ዓርብ ቀኑን ሙሉ በሜንጦ ስንቧጥጥ የዋልነው ከእሱ አምስት እርምጃ ርቀን ነው። ገመድ ላይ ድንጋይ አስሬ ጥልቀቱን ለካሁ፤ የሁለት ሰው ቁመት አይሞላም። ወንዛችን የፋብሪካ ቀለም ሳይቀላቀልበት፣ በልጅነቴ፣ ከዚህ የጠለቀ ገብቼ ዓሣ አባርሬበታለሁ።

ትርንጎና በድሉ ሲመጡ ሸሚዜን አውልቄ ጠበቅኋቸው።

«አጎቴ! አብደሃል? በዚህ ዕድሜህ?»

«ገመዱን ያዢ» አልኳት።

«ፋዘር፣ እኔ ልግባ…»

«አንተ ብዙ ትተነፍሳለህ።»

ሲሊንደሯን ግን ይዣለሁ። ከድር ማታ ሌላ እፍ ጨምሮባታል። ለምን ያዝኳት? ለሥራው አላስፈለገችኝም፤ ናፍጣዋንም ሰምቻለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀይ ስርዝም አልረሳሁም። ግን እናንተ ብትሆኑ ትተዋት ነበር?

አንድ ረጅም ትንፋሽ ስቤ፣ የድንጋዩን ክብደት አቅፌ፣ ጠብታዎቹን ተከትዬ ወረድኩ። ቀዝቃዛ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ዝም ያለ ነው። እንዴት እንደናፈቀኝ! እጄ የሞተሩን ብረት አገኘ። ይዤው የወረድኩትን ሁለተኛ ገመድ በብረት አልጋው ሥር አሳልፌ በጉድጓድ ቆፋሪ ቋጠሮ አሰርኩት፤ ያ ቋጠሮ ሲሳብ ይጠብቃል እንጂ አይፈታም። ሥራው አለቀ። ትንፋሼ ገና አልከዳኝም። በሥርዓቱ ሁለቴ ስቤ መውጣት ነበረብኝ።

አልወጣሁም። ጎማውን ነከስኩ።

ሰዎች፣ ውሃ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ መተንፈስ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ? ደረቴ እንቢ አለ። ስልሳ ምናምን ዓመት «እዚህ አይተነፈስም» ብዬ ያስተማርኩት ደረት በአንድ ጊዜ እንዴት ይመን? ከዚያ ሳብኩ። ገባ! የከድር አየር ነው፤ የተቃጠለ ጎማ፣ ዘይት፣ የበጋ አቧራ። ጣዕሙ የቃሊቲ አስፋልት ነው። እኔ ግን ከውሃ በታች፣ ከዓሣ እኩል፣ አንዴ ተነፈስኩ። አንዴ በቃኝ። እንደ ሥዕሉ ሰውዬ በአፌ አረፋ እየለቀቅኩ ወጣሁ፤ ሳቄም አብሮ ይወጣ ነበር።

ራስ ምታቱ እስከ ማታ አልለቀቀኝም፤ እናንተ እንዳትሞክሩት። ሞተሩን ስድስት ሰው ጎትቶ አወጣው። መካኒኩ ፈታትቶ፣ አድርቆ፣ ዘይቱን ለውጦ ሲመሽ አስነሳው። በድሉ ጭቃውን በገዛ ሸሚዙ ጠረገ፤ ስለ ጅቡቲ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ሰኞ ገምጋሚው ፋይሉን በብብቱ ይዞ መጣ። ሞተሩ እየጮኸ ነው፤ ሮቶው ሞልቷል፤ የበድሉ ተሳቢ በአረፋ ተሸፍኗል። ሰውዬው ስለ ሞተሩ ብዙም ደንታ አልሰጠው፤ ዓይኑ ቢጫዋ ሲሊንደር ላይ አረፈ። የሰፈሩ ሰው ተሻምቶ ነገረው፤ አዛውንቱ በአየር ሲሊንደር ጠልቀው እንዳወጡት። ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ።

«አባት፣ በዚህ ቴክኖሎጂ ታች ስንት ጊዜ ተነፈሱ?»

«አንዴ።»

እስክሪብቶውን መዘዘና ጻፈ። ገጹን ገልብጦ ጻፈ። እኔ ከተናገርኳት ከዚያች ቃል ይህ ሁሉ እንዴት እንደወጣ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሲሄድ ትርንጎ ግልባጩን አነበበችልኝ፤ የአካባቢው አረጋውያን ሳይቀሩ የጥልቅ ውሃ ቴክኖሎጂን አሟጠው በመጠቀም ማኅበሩን እንደታደጉ፣ ይህም ምርጥ ተሞክሮ ሆኖ ለሌሎች ወረዳዎች ላቫጆዎች ሁሉ እንዲሰፋ ይላል።

«አጎቴ፣ ውሸት እኮ ነው» አለችኝ። «ሮጬ ልንገረው?»

«ቦታውስ?»

የወረቀቱን ታች አየች። «ቦታው ጸንቶላቸዋል ይላል።»

«ተይው» አልኳት።