አዲስ አበባን የጠሉት አቶ ኦሞት

መንገደኛን በሰላም የሚሸኝ ከተማ በዓለም ላይ የለም። የትም ኑሩ የት፣ ሻንጣችሁን ገና ከደጃፍ ስታወጡ፣ «በዚያ በኩል ነው እንዴ የምትሄደው?» ብሎ ፊቱን የሚያጨማድድ አንድ ሰው አይጠፋም። ራሱ ንቅንቅ አይልም። ሥራው የሰውን ጉዞ ማበላሸት ነው። የሌላውን ከተማ አላውቅም፤ የእኛ የጋምቤላው አቶ ኦሞት ይባሉ ነበር። እኔ ግን በልቤ «ክቡር የወደብና የውኃ መንገድ ሚኒስትር» ነበር የምላቸው።

አቶ ኦሞት መርከብ ከሱዳን እየመጣ ባሮ ዳር ቡና በሚጭንበት ዘመን የወደቡ ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። መርከቡ ከቀረ ስንት ዓመቱ! እሳቸው ግን አልቀሩም። ጣሪያው የዛገ ባዶ መጋዘን እንዲጠብቁ ተትተው፣ ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ቁልፎቻቸውን ወገባቸው ላይ አንጠልጥለው ወንዙ ዳር ይቀመጣሉ። ከፊታቸው ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ዓሣ አጥማጆች መረብ ይጠግናሉ። እሳቸው መርከብ ይጠብቃሉ።

እኔ ኦቻላ እባላለሁ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የጉዞ ደብዳቤ ጸሐፊ ነበርኩ። ጊዜው ሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። «ክልል ሆናችሁ፣ ራሳችሁን አስተዳድሩ» ተብለን፣ ራሳችንን የምናስተዳድርበት ማኅተም፣ ወረቀትና ወንበር ግን አዲስ አበባ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ አገሩ ሁሉ መንገደኛ ሆነ። ሰው ጠዋት ከእኔ ደብዳቤ ያጽፋል፤ ከሰዓት ወንዝ ዳር ሲያልፍ ከአቶ ኦሞት ይሰደባል።

«አዲስ አበባ?» ይሉታል፣ መጥፎ ሽታ እንደሸተተው ሰው። «አዲስ አበባ ማለት ቁጭ ብለህ ጠብቅ ማለት ነው። ወደብ ማለት ግን ሂድ ማለት ነው!»

መምህር ኩዌት ዲፕሎማውን ለማምጣት ተነሣ። አቶ ኦሞት በሞተር ጀልባ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ናስር ወደብ ድረስ፣ ከዚያ ማላካል፣ ከዚያ ካርቱም እንዲሄድ፣ ከካርቱምም በአውሮፕላን አዲስ አበባ እንዲገባ መከሩት።

«በአውቶቡስ እኮ ሦስት ቀን ነው» አላቸው ምስኪኑ።

«ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ተራራ ስታይ ልትከርም ነው?»

ከጀልባው ላይ እጅጌውን ጎትቼ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ለወንጌላዊ ጋትኬክ ግን አልደረስኩላቸውም። ለትልቅ ጉባኤ ሲሄዱ ሰላም ልበላቸው ብለው ቆሙ፤ አቶ ኦሞትም መርከብ ይታሰርባቸው የነበሩትን ብረቶች አንድ በአንድ ሲያሳዩዋቸው አውቶቡሱ ጥሏቸው ሄደ። በቡና መኪና፣ ጆንያ ላይ ተኝተው፣ ለመዝጊያው ጸሎት ደረሱ። «በጌታ ይቅር ብያቸዋለሁ» ይላሉ ወንጌላዊው። ሲሉት ግን ጥርሳቸውን ነክሰው ነው።

አለቃዬም ወንበር ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። በሁለተኛው ወር ማኅተም ብቻ ይዞ ተመለሰ። አቶ ኦሞት ይህን ሲሰሙ ቢሯችን ድረስ መጡ፤ ቆመን ስንሠራ አዩን፤ ቁልፋቸውን አንቃጨሉና ምንም ሳይናገሩ ወጡ። ከስድባቸው ሁሉ ያ ነው የቆረቆረኝ።

በዚያው ዓመት ባለቤቴ አጅዋንግ ታመመች። ሆዷ ውስጥ እጢ አለ ተባለ። ዶክተር የሱፍ፣ ከደገኞቹ ሐኪሞች መካከል ቀስ ብሎ የሚናገረው፣ ወደ ውጭ ጠርቶኝ፣ «ኦቻላ፣ እዚህ ቀዶ ሕክምና ልናደርግላት አንችልም። ከዚህ ወር ካለፈ ደግሞ ተስፋ አልሰጥህም» አለኝ።

ሁለት መንገድ ነበረን። አንዱ በሳምንት ሁለቴ በሚመጣው አውሮፕላን አዲስ አበባ። ሁለተኛው ናስር ወደብ፦ የውጭ ሐኪሞች ለጥቂት ሳምንት ድንኳን ተክለው ቀዶ ሕክምና ይሠራሉ ተብሎ ነበር፤ በጀልባ አንድ ቀን ተኩል ነው፣ ግን በዚያ ሰሞን ወንዙ ላይ የሱዳን ተዋጊዎች ይታኮሱ ነበር። አውሮፕላኑ ወንበር ላይሰጠን ይችላል፤ ጀልባው ላይደርስ ይችላል። ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።

በአራተኛው ቀን ወደ አቶ ኦሞት ወረድኩ። ምክር ፈልጌ አልነበረም። «ወደብ!» እንዲሉኝ፣ እኔም በንዴት ጮኼባቸው አዲስ አበባን እንድመርጥ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸውና፣ «እሺ ጋሽ ኦሞት፣ የቱ ይሻላል?» አልኳቸው።

ቁልፎቻቸውን ከወገባቸው ፈተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«አላውቅም» አሉ በመጨረሻ።

«እርስዎ? እርስዎ አያውቁም?»

«ቁጭ በል።» በአኙዋኛችን ነው የምናወራው፤ ድምፃቸው ግን የማላውቀው ሰው ድምፅ ሆኖብኝ ነበር። «ሚስት ነበረችኝ። በደርግ ጊዜ ነው። ምጥ ይዟት መውለድ አቃታት። የማላካል ጀልባ እዚህ፣ እዚች ቦታ ላይ ታስሮ ነበር፤ ባለጀልባው ጓደኛዬ ነው፣ ‹አምጣት› አለኝ። እኔ ግን ትልቁ ሐኪም ያለው ትልቁ ከተማ ነው ብዬ አዲስ አበባን መረጥኩ። አውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ ሁለት ቀን አስተኛኋት። በሦስተኛው ቀን አውሮፕላኑ መጣ። ወንበሯን ለአንድ ሹም ዘመድ ሰጡት፤ ሠርግ ነበረበት። እዚያው ሣሩ ላይ ሞተች።»

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወንዙን ማየት ጀመሩ።

«ለሰው ሁሉ ወደብ የምለው ያን ቀን ለራሴ ያላልኩትን ነው። ወንዙ ቢሻል ባይሻል ግን ምን አውቃለሁ? አልሄድኩበትም።»

እኔም እሳቸውን የሚያህል ቂል ስለሆንኩ አዲስ አበባን መረጥኩ። ወንዙ ላይ ያለውን ተኩስ ፈራሁ። ለአጅዋንግና ለእናቷ ሁለት ወንበር ተያዘ፤ ስማቸው ወረቀት ላይ ተጻፈ፤ ማኅተም ተመታበት። ደብዳቤውን ራሴ ጻፍኩት፤ የቻልኩትን ያህል አሳምሬ።

በበረራው ቀን አውሮፕላን ማረፊያው ስንደርስ አቶ ኦሞት ቀድመውናል። ከወንዝ ዳር ተነሥተው ያን ያህል መንገድ በእግራቸው ሲመጡ ከዚያ በፊት ያየ ሰው የለም። ነጩ ሸሚዝ ታጥቧል። ለአጅዋንግ በትንሽ ሣህን የዓሣ ሾርባ ይዘውላት ነበር። «ቅመሺ እስቲ፣ ልጄ» አሏት። ሁለት ጊዜ ጠጣችና ተወችው።

አውሮፕላኑ አረፈ። ከአቧራው ውስጥ አንድ መኪና መጣና አንድ የታወቀ ባለሥልጣን ወረደ፤ የአዲሱ ዘመን ሰው፣ የእኛው ልጅ። ሁለት እንግዶች አስከትሎ ነበር። ወረቀት የያዘው የአየር መንገዱ ሠራተኛ እንግዶቹን አየ፣ እኛን አየ፣ ከዚያም ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ታማሚዋ በሚቀጥለው በረራ ብትሄድስ?» አለኝ።

እኔ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ? ደመወዜን የሚፈርመው ይኸው ባለሥልጣን ፊቴ ቆሟል። ማኅተም ያለበትን ወረቀት በሁለት እጄ ይዤ፣ «እንዲያው… ማኅተም ተመቶበት ነበር…» እያልኩ ተንተባተብኩ።

አቶ ኦሞት ሣህኑን መሬት አስቀመጡ። ቀጥ ብለው ሄዱና የአውሮፕላኑ መውጫ ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

«ከዚህ የምነሣው አጅዋንግ ከገባች በኋላ ነው» አሉ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ ሁሉም እንዲሰማቸው።

ፖሊሶች መጡ። ለመኗቸው፣ ቀጥሎ ጎተቷቸው። በሁለት እጃቸው የደረጃውን ብረት ጨብጠው አልለቅ አሉ። ሸሚዛቸው ከአንገቱ እስከ ወገቡ ተቀደደ፤ ያ ሸሚዝ ሸፍኖት የኖረው ጀርባ አጥንት ብቻ ሆኖ ታየ። ባለሥልጣኑ ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ አብራሪው ወረደና «ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ወዲያው አጅዋንግን አያት። ወረቀቴን ተቀብሎ አነበበ፤ ክንዷን ይዞ በአቶ ኦሞት አጠገብ አሳልፎ አስገባት፤ እናቷም ተከተለች። ያኔ አቶ ኦሞት እጃቸውን ለቀቁ። ፖሊሶቹም ወሰዷቸው።

አጅዋንግ ከሁለት ወር በኋላ ከስታ፣ ግን በእግሯ እየሄደች ተመለሰች። ይህን ቀድሜ የምናገረው ስለ እሷ ሳትጨነቁ ቀሪውን እንድትሰሙኝ ነው።

እሷ በሄደች በአምስተኛው ቀን፣ ወሬዋ ገና ሳይደርሰን፣ አለቃዬ ጠራኝና አንድ ደብዳቤ አስጻፈኝ። «የመንግሥትን ሥራ በማደናቀፍዎ ከመጋዘን ጥበቃ ሥራዎ ተሰናብተዋል» ይላል። ጻፍኩት። እንደ ሁልጊዜው አሳምሬ ነው የጻፍኩት። ካልጻፍኩት ሌላ ሰው ይጽፈዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጽፌም አልቀረሁ፤ አድርስ ተባልኩና ይዤ ወረድኩ።

አቶ ኦሞት ከእስር ተፈትተው ቦታቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የተቀደደውን ሸሚዝ በጥቁር ክር ሰፍተውታል። እጄ ላይ ወረቀት ሲያዩ ብድግ አሉ። የመጋዘኑን ግድግዳ ደገፍ አሉ።

«ከአጅዋንግ ነው?»

«አይደለም ጋሽ ኦሞት። ከእኛ ቢሮ ነው። እርስዎን… ከሥራ አሰናብተውዎታል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ቀስ ብለውም ተቀመጡ።

«ጌታ ይመስገን» አሉ። «እኔ እኮ ሞተች ልትለኝ መስሎኝ ነበር።»

እስክሪብቶዬን ተቀበሉኝና፣ ሳያነቡት ፈረሙልኝ።