የጠማት ብቻ ነው

አሮጌ መኪናህን ሽጥ ሲሉት ሚስትህን ፍታ ያሉት የሚመስለው ሰው የሌለበት አገር ከፀሐይ በታች የለም። በምዕራብ ኩዊንስላንድ፣ ቀይ አቧራ ከሰው ቀድሞ በሚነሳባት መንደር፣ ይህ ሰው ክቡር ሊቀ ናፍጣ ክላሪ ነበር። ሹመቱን የሰጠችው ሚስቱ ሜቪስ ናት፤ ስትናደድ።

የክላሪ የጭነት መኪና ሜዳ ላይ እንደ ፈረስ ትጋልባለች። የቀዩ ዳገት ወገብ ላይ ስትደርስ ግን ሳል ይይዛትና ቀጥ ትላለች። ሞተሯ ላይ ያለው ፓምፕ አርጅቶ ናፍጣውን ከኋላ ስቦ ማምጣት አቅቶታል። ያኔ ክላሪ ኮፈኑን ከፍቶ ፓምፑን በእጁ እየገፋ ከናፍጣው ቧንቧ አየሩን ያስወጣል፤ ሜቪስ ደግሞ እዚያው ዳገቱ ላይ ባለው ዛፍ ሥር እሳት አንድዳ በጣሳ ሻይ ታፈላለች። መንገደኛ "ምን ሆነች?" ካለ መልሱ አንድ ነው።

"ጤነኛ ናት! የጠማት ብቻ ነው!"

ሰውዬው ዓለምን የሚያየው በናፍጣ በኩል ነው። ቀብር ላይ ሰባኪው "ልቡ በድንገት ቆመ" ሲሉ፣ "ምነው ፓምፑን በጊዜ ቢያዩለት" ብሎ ከልቡ ያዘነ እሱ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ግን ድርቁ ጠና። የጎረቤታቸው የኬልቪን ላሞች አጥንታቸው ወጥቶ ድርቆሽ ሲጠብቁ፣ ድርቆሹ በክላሪ መኪና ላይ እንደተጫነ ዳገቱ ወገብ ላይ ቆሞ ዋለ።

"አንተ ሽማግሌ!" አለ ኬልቪን ማታ ላይ፣ "በሚቀጥለው ላሞቼን ይዤ ዳገቱ ድረስ ልምጣልህ?"

ሜቪስ በኀፍረት ተቃጠለች። "አንዴ፣ አንዴ ብቻ ደግማ እዚያ ትቁም! ሊብሬው በእኔ ስም ነው። ለቁራሌ ነው የምሰጣት!"

ክላሪ መኪናዋ ሥር ገብቶ ከነዳጅ ታንኩ አጠገብ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ተጨማሪ ፓምፕ ይገጥም ጀመር። የመንደሩ መካኒክ ጎንበስ ብሎ አየና "በሬሳ ላይ ሽቶ!" አለ።

"ሬሳዋ አንተን ቀድማ ዳገቱን ትወጣለች!" የሚል ድምፅ ከሥር መጣ። "አሮጌው ይስባል፣ ይሄኛው ይገፋል። ሽማግሌ ከኋላው ደገፍ ካደረጉት የማይወጣው ዳገት የለም!"

የኬልቪንን ቀጣይ ድርቆሽ እስከ አናቷ ጭነው ተነሡ። አዲሱ ፓምፕ ከሥር እንደ ንብ ያንጎራጉራል። ዳገቱ ሲጀምር ክላሪ ማርሽ ቀንሶ መሪውን እየደበደበ ዘፈነ፦

አርጅታለች ይበል የቆመው ሜዳ ላይ፣
ዳገቱ ይመስክር ወጥታ ስትታይ።

ዛፉ መጣ። የሜቪስ እጅ ሳታዘው ወደ ሻይ ጣሳው ሄደ። መኪናዋ አልሳለችም። ዛፉ፣ ጥላሸት የለበሱት ሦስቱ ጉልቻዎች፣ የስንት ዘመን ጨዋታቸው ሁሉ በመስኮቱ በኩል ወደ ኋላ ሸሸ።

"አየሽ?" ጮኸ ክላሪ። "ሜቪስ፣ አየሽ ወይ?"

ኬልቪን በር ላይ ሲያያቸው የሚሳደበው ጠፋው። "ምነው... ቶሎ መጣችሁ?" ብቻ አለ። ላሞቹ ግን ምንም አልጠየቁም፤ በሉ።

ሲመለሱ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ሜቪስ ድንገት "አቁም!" አለች።

ክላሪ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። "ምን ሰማሽ? ሳለች እንዴ?"

"ጤነኛ ናት፤" አለች ጣሳዋን ይዛ ወደ ዛፉ እየወረደች፣ "የጠማኝ እኔ ነኝ።"