ጣዕም ያጣው ጠላ

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ ጠላ ስትሸጪ የገጠመሽን አጫውቺን» ቢሉኝ ነው ይህን ማንሳቴ።

ጠጥቶ ራሱን የማይወቅስ፣ ጠማቂዋን ግን የሚወቅስ ሰው አይታችሁ አታውቁም? ሲሰክር ጌሾው በዝቶ ነው፤ ሲወድቅ ለጠላው የተቆላው ደረቆት አርሮ ነው። አያ ዘለቀ እንደዚያ ነበር። ፎገራ ላይ ሩዝ ያበቅላል፣ ወረታ መጥቶ እኔ ቤት ይጠጣል። አንድ ክረምት ሰክሮ ሲመለስ ጎርፍ ወስዶት፣ ሚስቱ ውድነሽ ናት በመቀነቷ ጎትታ ያተረፈችው።

ታዲያ አንድ ቀን ተጎንጭቶ ዋንጫውን መለሰልኝ።

«እታለም፣ ይህ ጠላ ምን ነካው? ውሃ ውሃ ይላል።»

«አፍህ ነው እንጂ ጠላዬስ ማር ነው!» አልኩት። ለጠማቂ ከዚህ የከፋ ስድብ አለ?

ጋኑን በወይራ አጠንኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ቀምሶ አመሰገነ፤ እሱ ግን ግማሹን እየተወ ይሄዳል። ቡዳ አየብኝ? አይጥ ገባበት? እንቅልፍ አጣሁ። ለሱ ብቻ ጌሾ አብዝቼ፣ የበረታውን ለይቼ ጠመቅሁና «እባክህ፣ ይችን ቅመስልኝ» ብዬ ለመንኩት። ቀመሰና ራሱን ነቀነቀ። ኋላ ጭራሽ ቀረ። ስሜን አጠፋ ብዬ ስንት ዘመን አኮረፍኩት!

ከዓመታት በኋላ ነው ውድነሽ ገበያ ላይ አግኝታኝ የነገረችኝ። መጠጥ ሲገባ ጭንቅላት ውስጥ የሚከፈት የደስታ ደጅ አለ አሉ፤ ያን ሰሞን ሐኪም፣ መጠጡ እንዳይጥመውና ቀስ በቀስ እንዲተወው፣ ደጁን የሚዘጋ ክኒን ሰጥቶት ኖሯል። ያን መናገር አፍሮ በጠላዬ አሳበበ። ለካ እሱ ሊድን ሲታገል፣ እኔ ደጁን ላስከፍት ጌሾ ስጨምር ከርሜያለሁ።