ካፒቴኑ በእንግዳው ወንበር

ሰውን በአደባባይ ለማስጨነቅ የምትፈልጉ ከሆነ አትስደቡት፤ አትክሰሱትም። «ታዋቂ እንግዳ» ብላችሁ ጋብዙትና ከፍ ካለ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ በሕዝብ ፊት ጠይቁት! ችሎት የቆመ ተከሳሽ እንኳ ጠበቃ አለው፤ ቀጠሮ ይለምናል፤ ይግባኝ ይላል። ታዋቂ እንግዳ ግን ምን አለው? አንድ ብርጭቆ ውኃ! እርሱንም ሊጎነጭ ባነሣ ቁጥር ጥያቄ ይመጣበታል።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የፍኖተ ሰላም ወጣቶች በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ታዋቂ እንግዶችን እየጋበዙ ፊት ለፊት ማነጋገር ጀምረዋል፤ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን በማስታወቂያቸው ላይ «በአካባቢያችን የመጀመሪያው» የሚል ቃል አነበብሁ። ዝም ልል አስቤ ነበር… በዚህ ዕድሜ ከማስታወቂያ ጋር መከራከር ምን ይባላል? ሆኖም የመጀመሪያውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ! ከዚህ እልፍ ብሎ ቡሬ ላይ፣ በጠላት ዘመን፣ ፍኖተ ሰላም ገና በዚህ ስሟ ሳትጠራ።

ዓመቱን አትጠይቁኝ። ጠላት ከገባ ሁለት ክረምት ያለፈ ይመስለኛል፤ ሦስትም ሊሆን ይችላል። ያየሁትንና ስተርከው ኖሬ የለመድሁትን መለየት ካቃተኝ ቆይቷል። ስለዚህ «ይመስለኛል» ያልሁበትን «ይመስለዋል» ብላችሁ አንብቡት፤ ያላልሁበትንም እንደዚሁ!

ያን ጊዜ በቡሬ ምሽግ የሰፈረው የጣልያን ካፒቴን አስተርጓሚ ነበርሁ። «እንግዲያው ባንዳ ነበርሁ በሉና!» የምትሉኝ አትጠፉም። ቆዩ እስቲ… ቅኔ ከተማርሁ በኋላ ዓባይን ተሻግሬ አዲስ አበባ ፈረንሳይኛ ተምሬ ነበር። ወደ አገሬ ስመለስ ቡሬ ኬላ ላይ ያዙኝ። ከሻንጣዬ የፈረንሳይኛ ሰዋስው ወጣ፤ ካፒቴኑም ፈረንሳይኛ ያውቅ ኖሯል። «ወይ እስር ቤት፣ ወይ ጽሕፈት ቤት» አለኝ። ከሁለቱ ጣራው የማያፈሰውን መረጥሁ። ከዚህ የበለጠ ጀግንነት ከእኔ አትጠብቁ።

ካፒቴኑ የእህል መጋዘን የነበረ አንድ የቆርቆሮ ቤት አስጠርጎ «የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት» የሚል ጽሑፍ አሰቀለበት። መጻሕፍቱ ሁለት መደርደሪያ አይሞሉም፤ ሁሉም ለማለት ይቻላል በጣልያንኛ የተጻፉ ነበሩ። በአገሩ ጣልያንኛ የሚያነብ ሰው ስላልነበረ የቤቱ ጸጥታ ፍጹም ነበር! አዘውትረው የሚመጡት አይጦች ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም ለንባብ ሳይሆን የቀድሞው እህል ትዝ እያላቸው ይመስለኛል።

ከዕለታት አንድ ቀን ከበላይ አለቆቹ ትእዛዝ መጣ። በገበያ ቀን፣ በሕዝብ የተከበረ አንድ ሰው በቤተ መጻሕፍቱ ይጋበዝ፤ ስለ መንግሥት ቸርነት በአደባባይ ይጠየቅ፤ የተናገረው በቅጽ ተሞልቶ ይላክ፤ በጋዜጣም ይወጣል። ካፒቴኑ አገር ምድሩን አጠያይቆ የቅኔ መምህሩን የኔታ ጥበቡን መረጠ። የሚያስተምሩበት ጉባኤ ደጋ ዳሞት፣ ከፈረስ ቤት ወዲያ ነበር። በቅሎ ተላከላቸው። ክብራቸው ከመንገድ እንዳይወድቅም ጠመንጃ የያዙ አራት ወታደሮች አጀቧቸው!

ከገበያው ቀን በፊት በነበረው ዕለት፣ ከቀትር በኋላ፣ ካፒቴኑ የሰጠኝን ወረቀት ይዤ ካረፉበት ቤት ሄድሁ።

«የኔታ፣ ጥያቄዎቹ አምስት ናቸው» አልኋቸው።

«መልካም።»

«መልሶቹም አምስት ናቸው።»

«መልሶቹን ማን ጻፋቸው?»

«ካፒቴኑ።»

«ጥያቄዎቹንስ?»

«እርሱው።»

ጭራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። «ታዲያ እኔ የምጨምረው ምኑን ነው?»

«ድምፅዎን።»

«ድምፅ ብቻ ከሆነ የፈለገው በቅሎዪቱ ትበቃው ነበር!»

ሣቅሁ፤ እርሳቸው ግን አልሣቁም። «ስማ ልጄ» አሉኝ፣ «ከተማሪዎቼ እኩሌቶቹ ጫካ ናቸው። የቀሩት ደግሞ የእነዚያ ወንድሞች ናቸው። ‹መንግሥት ሰላም አመጣልን› ብዬ ተናግሬ፣ እርሱም በጋዜጣ ወጥቶ፣ ወዴት ነው የምመለሰው? ማን ይማርልኛል? ጉባኤው ተበተነ ማለት ነው።»

«ካልተናገሩ ደብረ ማርቆስ እስር ቤት እንደሚልክዎ ካፒቴኑ ነግሮኛል።»

«አንተንስ?»

«እኔንም አብሮ። ለማስተርጎም።»

«እሱስ ደግ ነው፤ ብቻዬን አልሆንም» አሉና ዳዊታቸውን ገለጡ። እኔ ግን ያን ዕለት ከሰዓት እህል አልቀመስሁም።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ። ካፒቴኑ «በፊት ወንበር የሚቀመጡ የአገር ሽማግሌዎችም ይጠሩ» ብሎኝ ስለ ነበር፣ ስምንት ባላባቶችን ጠራሁ። ሁሉንም «በሦስት ሰዓት» አልኋቸው! አንባቢ ሆይ፣ የአገራችንን ወግ የምታውቅ ከሆነ አሁን ራስህን እየነቀነቅህ መሆን አለብህ። ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ተነሥቶ «ኖር!» ይላል። እንግዲህ ቀድሞ የገባ ሰው ለኋለኛው ሁሉ ሲነሣ ይውላል፤ መጨረሻ የገባ ግን ለማንም አይነሣም። ስምንት ባላባት በአንድ ሰዓት የጠራ ሰው ስምንቱን በየአጥሩ ሥር ደብቋል ማለት ነው! ሦስት ሰዓት ሲሆን ወጥቼ ብመለከት፣ አንዱ ከበቅሎ ጀርባ ቆመው ኮርቻ ያጠብቃሉ፤ ሌላው ከሸማኔ ደጃፍ ቡልኮ ይዋዋላሉ። የሁሉም ዐይን ግን ከቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ነበር።

ገበያተኛው ግን ገብቶ አግዳሚውን ሞልቶታል። የኔታ ከፍ ካለው ወንበር ተቀምጠዋል፤ እኔ ወረቀቴን ይዤ በጎናቸው ቆሜአለሁ፤ ካፒቴኑ ግድግዳውን ተደግፎ ሰዓቱን ያያል። «ጀምር!» አለኝ።

«የኔታ፣ መንግሥት ለሕዝቡ ያመጣውን መልካም ነገር እንዴት ይመለከቱታል?» ብዬ ጠየቅሁ።

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መንግሥት…» አሉ።

በሩ ተንቋቋ! ግራዝማች ይግዛው ብቅ አሉ። ቡልኮው ተስማምቷቸው ኖሯል።

«ኖር!» ሕዝቡ ብድግ።

«በእግዜር! በእግዜር! ኧረ አይነሡብኝ!»

«ኖር እንጂ!»

የኔታም ተነሡ። የኔታ ቆመው ግራዝማች ይቀመጣሉን? አይቀመጡም! ግራዝማች ቆመው የኔታ ይቀመጣሉን? እርሱም አይሆንም! «ኧረ በጊዮርጊስ እርስዎ ይቅደሙ» «ኧረ በሞቴ!» ሲባባሉ ቆይተው፣ ግራዝማች በማዕርጋቸው ከአግዳሚው ራስ ተሰየሙ። ለእርሳቸው ቦታ ለመልቀቅ ሁሉም የአንድ ሰው ቦታ ያህል ወደ ግራ ፈቀቅ ቢል፣ ከመጨረሻው ጫፍ የነበረ አንድ ገበሬ ከነአቁማዳው መሬት ዐረፈ።

ካፒቴኑ መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር። «ጻፍ!» አለኝ፣ «ጥያቄው በተነሣ ጊዜ ሕዝቡ በደስታ ብድግ አለ።» ጻፍሁ።

«የት ላይ ነበርን?» አሉ የኔታ።

«‹መንግሥት› ላይ።»

«አዎን። መንግሥት…»

በሩ ተንቋቋ!

እንዲህ እንዲህ እያልን አምስት ባላባት አስገባን። አምስት ጊዜ ተነሣን፤ አምስት ጊዜ ተለማመንን፤ ያ ምስኪን ገበሬም አምስት ጊዜ ወደቀ። (ሦስት ጊዜ ይሆናል። አምስት የሚለው ስተርከው የመጣ ሳይሆን አይቀርም።) የኔታ ከ«መንግሥት» አንዲት ቃል አልተሻገሩም። ካፒቴኑ አንገቱ ቀላ።

«እነዚህ ሰዎች ስንት ናቸው?»

«ስምንት ጠርቼ ነበር። ሦስት ይቀራሉ።»

«ሦስቱንም አሁን አስገባቸዋለሁ!» ብሎ እየተንደረደረ ወጣ። ሦስቱን ከየአጥሩ ሥር ለቅሞ ደጃፉ ድረስ ነዳቸው። ነገር ግን ሦስት ባላባት በአንዲት በር! «እርስዎ ይለፉ።» «ኧረ እርስዎ!» «አባቴ ሆነው ሳሉ እኔ? አላደርገውም!» የበሩ መድረክ ላይ ተገትረው ቀሩ። ካፒቴኑ ከኋላቸው ቢገፋ ቢገፋ ፍንክች የሚል ጠፋ። በመጨረሻ ትዕግሥቱ አልቆ፣ በመካከላቸው ተሽሎክሉኮ፣ ባርኔጣው ተጣምሞ፣ ላብ እያጠመቀው ራሱ ገባ።

«ኖር!» ቤቱ በሙሉ ብድግ አለ።

ካፒቴኑ ደነገጠ። «ተቀመጡ!» አለ። ተረጎምሁ። ማንም አልተቀመጠም። የኔታ ከወንበራቸው ወርደው ጎንበስ አሉ፦ «ካፒቴን ቆመው እኔ እቀመጣለሁ? እንግዳ ሆነው ከሩቅ አገር መጥተው! ይህ ነውር በእኔ ዘመን አይሠራም። ይቀመጡልኝ።»

«አልቀመጥም በላቸው!»

«አልቀመጥም ይላሉ፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ስንቆም እንውላለን» አሉ፤ ሕዝቡም «እንውላለን!» አለ።

ካፒቴኑ ሰዓቱን አየ። የምሳው ጡሩምባ ሊነፋ ጥቂት ቀርቷል። ይህን ሁሉ ሰው ለማስቀመጥ ሌላ መንገድ እንደሌለ በገባው ጊዜ፣ ከፍ ወዳለው ወደ እንግዳው ወንበር ወጥቶ ዘፍ አለ። ወዲያው ሁሉም ተቀመጠ፤ የኔታም ከአግዳሚው ራስ ቦታ ተለቀቀላቸው። እንግዳ ተቀምጦ ዝም ማለት ደግሞ በእኛ አገር አይታወቅም።

«አገርዎ ደኅና ነው?» አሉ የኔታ።

ካፒቴኑ ወደ እኔ ዞረ። ተረጎምሁ። «ደኅና ነው» አለ፤ ግራ ገብቶታል።

«እናትዎ በሕይወት አሉ?»

«አለች።»

«ካዩዋቸው ስንት ጊዜ ሆነዎ?»

«ሦስት ዓመት።»

አግዳሚው በሙሉ ከንፈሩን መጠጠ። ግራዝማች ይግዛው «እናት! ሦስት ዓመት!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን ይበቅላል አገርዎ?»

«ወይን። አባቴ የወይን ተክል ትቶልኛል።»

«ማን እየለቀመልዎ ነው?»

ካፒቴኑ ጣቶቹን አየ፤ ወይም ያየ ይመስለኛል።

«ይህ ሁሉ ሳለዎ» አሉ የኔታ፣ እንደ ልጅ በሚያባብል ድምፅ፣ «እዚህ ማን አስቀመጠዎ?»

ይህን ልተርጉም ወይስ ልተው ብዬ ሳመነታ ጡሩምባው ተነፋ።

ከምሳ በኋላ ካፒቴኑ ቅጹን ይዞ ጠራኝ። «እንግዳው ምን አሉ ብለህ ልትሞላ ነው?»

«‹መንግሥት› አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ተነሡ።»

«ይህን ብልክ የምታሰረው እኔ ነኝ!» አለና ክፍሉን ዞረ። «በቃ፣ የተዘጋጁትን አምስት መልሶች ገልብጥ። ተናግረዋል እንላለን።»

የሚመጣው ታየኝ፤ ቃሉ በጋዜጣ ይወጣል፤ ጋዜጣው ፈረስ ቤት ይደርሳል፤ የኔታ ያላሉትን ብለው ጉባኤያቸው ይበተናል። እኔ በሕይወቴ ከአለቃ ጋር ተከራክሬ አላውቅም። ያን ዕለትም አልተከራከርሁም፤ ቅጹን ብቻ አነበብሁለት።

«ካፒቴን፣ እዚህ ላይ ‹በእንግዳው ወንበር ተቀምጦ የተጠየቀው ሰው ስም› ይላል።»

«እና?»

«በወንበሩ ተቀምጠው አንድ ጥያቄ እንኳ መልሰው ያልጨረሱ የኔታ ናቸው። ተቀምጦ ተጠይቆ የመለሰ ግን…»

ረጅም ጊዜ ተመለከተኝ። በዚያች ደቂቃ ምን እንዳሰበ ስመራመር ኖሬአለሁ፤ ስለ እናቱ ይሁን፣ ስለ አለቆቹ ይሁን፣ ወይስ ምሳው ከብዶት እንቅልፍ ብቻ ፈልጎ? አላውቅም። «ጻፍ» አለኝ። የካፒቴኑን ስም አጥርቼ ጻፍሁ፤ ከሥሩም አምስቱን መልሶች ገለበጥሁ። መልሶቹ የእርሱ፣ ስሙም የእርሱ፤ እንዲህ ያለ እውነተኛ ሰነድ ከዚያ ጽሕፈት ቤት ወጥቶ አያውቅም! የኔታም በማግሥቱ ያለ አጃቢ ወደ ዳሞት ወጡ፤ ሰኞ ጉባኤያቸውን ዘርግተው ሲያስተምሩ እንደ ዋሉ ሰማሁ።

አንድ ወር ያህል ቆይቶ ከበላይ አንድ ትልቅ ጥቅልና ደብዳቤ መጣ። አለቆቹ መልሶቹን እንጂ ስሙን ያነበቡት አይመስለኝም። ደብዳቤው እንዲህ የሚል ነበር፦ ይህ የአገር ተወላጅ ያሳየው ታማኝነት እጅግ አስደስቶናል፤ ለሌሎች ባላባቶች ምሳሌ እንዲሆን ካባ ተልኮለታል፤ በሚቀጥለው ገበያ ቀን በሕዝብ ፊት ይልበስ።

ካፒቴኑ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ። ተሳስታችኋል ብሎ ቢጽፍ የሚጠየቀው ራሱ ነው። ትእዛዙ ደግሞ ትእዛዝ ነው። ጥቅሉን ፈታ፤ ጥቁር ካባ፣ ዳር ዳሩ በወርቀ ዘቦ የተጠለፈ። ገልብጦ ገልብጦ አየውና ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦

«ይህ… በየት በኩል ነው የሚለበሰው?»

አለበስሁት። በአምስቱ ዓመት ለአገሬ የሠራሁት ሥራ ቢቆጠር ይኸው ነው። እርሱም ቢሆን በቀላሉ አልሆነልኝም፤ አንገቱ ወፍራም ስለ ነበር ቁልፉ እምቢ ብሎኝ ብዙ ታግያለሁ።